የጥሩሰው ምሰሶ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሽታውን አቅጣጫ የጠየቀ እንግዳ መንገድ ላይ ይመሽበታል። ሰውዬው ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ከተማዋን የሚያውቃት በቆሙት ቤቶች ሳይሆን በፈረሱት ስለሆነ ነው። «ባንኩ በየት በኩል ነው?» ላለው ሰው፣ «ኮከብ ቡና ቤትን እለፍና የእመት ሰርካለምን ጠላ ቤት ጠይቅ፤ እዚያው ነው» ይለዋል። ኮከብ ቡና ቤት የሞባይል መሸጫ ከሆነ ስንት ዘመኑ! የእመት ሰርካለም ጠላ ቤትም ደጃፉ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋችው ጣሳ ከወረደች ወዲህ መጀመሪያ ወፍጮ ቤት፣ ቀጥሎ መድኃኒት ቤት፣ አሁን ደግሞ ራሱ ባንኩ ሆኗል። ምስኪኑ እንግዳ ባንኩ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠላ ቤት ሲያፈላልግ ይውላል።

ይህ አመል ከሥራው የመጣ ነው። ሽታው የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበር። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ግራና ቀኝ የነበሩትን መጠጥ ቤቶች ስም በዘይት ቀለም የጻፈው እሱ ነው። ባለቤቱ ሲሞት፣ ልጆች ሲካፈሉ፣ ቤቱ ሲሸጥ፣ ያንኑ ስም አጥፍቶ በላዩ ሌላ የሚጽፈውም እሱው ነበር። አንድም ቀን እጁ ሳይከብደው ያጠፋው ስም የለም። ኋላ ላይ ባነር የሚያትም ማሽን መጣና ጻፍልኝ የሚለውም አጥፋልኝ የሚለውም ቀረ። ብሩሾቹ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ድርቅ ብለው ቆመዋል፤ እሱም እንደ እነሱ ድርቅ ብሎ መንገድ ዳር ይውላል።

ከነዚያ ሁሉ ቤቶች የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ የወይዘሮ ተሻለች ጠጅ ቤት። ባለ ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ በአንድ ወገን፣ የሙጂባ የልብስ ሱቅ በሌላ ወገን ሆነው መሀል ላይ አጣበውታል። ጣሪያው የዛገ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ በረንዳው በአራት የጥድ ምሰሶ የቆመ ረጅም ቤት ነው። ደንበኞቹ አርጅተዋል፤ የሞተው ሞቶ፣ ያልሞተው ሐኪም ከልክሎት፣ ለቀሩት አንድ አግዳሚ ይበቃል። አንዳንድ ቅዳሜ ከአምባሰል ተራራ ለገበያ የሚወርድ አንድ ሰው ክራሩን ይዞ ብቅ ይላል። ያ ሰው አምባሰልን መንካት ሲጀምር ሽታው ብርሌውን በሁለት እጁ ይይዝና ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያች ሰዓት ኮከብ ቡና ቤትም፣ የሹፌሮች ማረፊያም፣ የእመት ሰርካለም ጣሳም በየቦታቸው ይመለሳሉ። ለዚህ ሲል ነው የሚኖረው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተሻለች ግን እንዲህ ያለ ነገር አይገባትም። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷ አይታዘዝላትም፤ ልጅ አልወለደች፤ ባሏ ሙላት ከሞተ ቆይቷል። ለእሷ ቤቱ ቤት ነው። ክረምት ሲመጣ ድስቱን ሁሉ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ትደረድራለች፤ ጌሾ ስትቀቅል የኖረችበት ጭስ አንድ ዓይኗን አደብዝዞታል። ሽታው ስለ ቤቱ ታሪክ ሲጀምር፣ «እስቲ ታሪኩን ትተህ ቆርቆሮውን ድፈንልኝ» ትለዋለች።

በዚያ ዓመት አዲስ ፕላን ወጣ። አስፋልት ዳር ያለ ጭቃ ቤት ሁሉ ይነሳል፤ የራሱ ይዞታ የሆነለት ካርታ ወጥቶለት በፕላኑ መሠረት ይሠራል፤ የመንግሥት ቤት የሆነው ፈርሶ ቦታው ለጨረታ ይወጣል ተባለ። ተሻለች ወረቀት የላትም። እንደሷ ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች አንድ ኮሚቴ ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ የሰፈር ሽማግሌ ምስክርነት ሰምቶ ይወስናል።

ሙጂባ ይህን ስትሰማ ሱቋን ዘግታ መጣች። ወጣትነቷን ጂዳ ሰው ቤት አገልግላ፣ ባጠራቀመችው ያቺን ሱቅ የከፈተች ቁም ነገረኛ ሴት ናት። በረንዳው ላይ ከተሻለች አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እማማ ተሻለች፣ ካርታው በስምዎ ይውጣ እንጂ ሕንጻውን እኔ አነሳዋለሁ። ቦታው የአንቱ፣ ግንባታው የኔ። ምድር ቤቱ ላይ አንዲት ክፍል ከነሽንት ቤቷ፣ ከነውኃዋ፣ እስከ ዕለተ ሞትዎ የአንቱ ናት። ወላሂ፣ ሰው ፊት ቃሌን እሰጣለሁ» አለቻት።

«ጠጁስ?»

«እሱን እንኳን ለኔ ብለው ይተዉት።»

ሁለቱም ሳቁ። ተሻለች ስትስቅ የደበዘዘው ዓይኗ ሳይቀር ሳቀ። «ውኃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች። ጀሪካን ሳትሸከም የምታድርበት ቀን በሕይወቷ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሰማው ሽታው ግን አልሳቀም። የመጨረሻው ቤት በሰላም፣ በሳቅና በምርቃት ሊሄድ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ እዚህ ቦታ ላይ መስታወት ይሆናል፤ መስታወቱ ላይ የተለበጠ ባነር ይሆናል። የክራሩ ሰው ቅዳሜ መጥቶ የት ይቀመጣል? ይህን ለማንም አልተናገረም። በልቡ ግን፣ በሬዲዮ የሰማው አንድ ወሬ ነበር፤ በሌላ ከተማ በጣም ያረጁ ቤቶች ቅርስ ተብለው ተመዝግበው ከመፍረስ ድነዋል የሚል።

ኮሚቴው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሼህ ሀሚዱ ሽታውንና ተሻለችን መደብሩ ጠራ። ምስክሮቹ ሁለት ናቸው፤ ራሱና ሽታው። ሼህ ሀሚዱ ማር ነጋዴ ነው። ጠጅ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ የተሻለችን ጋን የሚሞላው ማር ግን ዕድሜ ልኩን ከሱ መደብር ነው የወጣው። «እኔ ማር ሸጥኩ፤ ማሩን ምን እንዳደረጋችሁት አላህ እናንተን ይጠይቃችሁ» እያለ ከክርስቲያን ጓደኞቹ ጋር ሲቃለድ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረውም።

«ስማኝ ሽታው» አለ። «የምንለው አንድ ቃል ነው። ይህን ቤት የሠሩት ተሻለችና ሙላት ናቸው። በቃ። የድሮውን ባለቤት የጥሩሰውን ስም እንዳታነሳ።»

«ጥሩሰውማ ታሪክ ነው…»

«ጥሩሰው ማለት ትርፍ ቤት ማለት ነው! በስልሳ ሰባቱ አዋጅ ቤቶቹ ሁሉ ተወርሰዋል። የሱ ጠጅ ቤት ባለቤት አጥቶ ግድግዳው ወደቀ፤ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ተሻለችና ሙላት ከመሬት አነሱት። የቀረው አራቱ ምሰሶ ብቻ ነበር። አንተ ራስህ ጭቃ ረግጠሃል እኮ! እኔ ጭድ አምጥቻለሁ። ይህን እናውቃለን፤ የኮሚቴው ልጆች ግን አያውቁም። የጥሩሰው ስም ከተነሳ የመንግሥት ነው ብለው ይጽፉታል፤ እሷም ሜዳ ላይ ትወድቃለች።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ተሻለች፣ «ሽታዬ፣ የጠየቁህን ብቻ መልስ። አደራህን» አለችው። አደራ ስትል እጁን ያዘችው። እጇ ጌሾ ጌሾ ይሸታል።

«አብሽሪ» አላት ሽታው። «እኔ የማውቀውን ነው የምናገረው።»

ከልቡ ነበር። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ሽታው የሚያውቀው ብዙ ነው።

ኮሚቴው ጠዋት መጣ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሊቀመንበሩ ታሪኩ የሚባል፣ ጫማው የተወለወለ፣ ትሑት ወጣት ነው። ተሻለችን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ሙጂባ ከሱቋ ወንበር አወጣችላቸው። ሼህ ሀሚዱ መረቀና የተስማሙበትን አንድ ቃል ተናገረ፤ ቤቱን የሠሩት ተሻለችና ሟች ባሏ ናቸው፣ የቤት ኪራይ ለማንም ከፍለው አያውቁም፣ ጠያቂም መጥቶባቸው አያውቅም። ታሪኩ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ። ነገሩ እየሰመረ ነበር።

«አንቱስ አባቴ?» አለ ወደ ሽታው ዞሮ። «ሼህ ሀሚዱ ያሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ ሽታው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ተሻለች ትንፋሿን ለቀቀች። ታሪኩ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ ሊመልስ ሲል፣ ሊሰናበት ብሎ ብቻ፣ አጠገቡ ያለውን የበረንዳ ምሰሶ መታ መታ አደረገና፣ «ጥሩ እንጨት ነው። ያው ይፈርሳል እንጂ» አለ።

ይፈርሳል የሚለው ቃል ሽታው ጆሮ ውስጥ ገባ። እንግዲህ ይህ ነው ቀኑ፤ አሁን ካልተናገረ መቼም አይናገርም። ደግሞ ልጁ ደግ ልጅ ይመስላል፤ ቢያውቅ ኖሮ ይፈርሳል አይልም ነበር። ሽታው እንዲህ ብሎ አሰበ። ሽማግሌ ሰው አንዳንዴ ደግነትን ከሥልጣን ጋር ያምታታዋል።

«ይሄ እኮ ዝም ብሎ እንጨት አይደለም» አለ። «ቆይ ላሳይህ።»

ከኪሱ ቢላዋውን አወጣና ምሰሶውን መፋቅ ጀመረ። መጀመሪያ አረንጓዴው ቀለም ተላጠ፤ ባለፈው ፋሲካ የተቀባ ነው። ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ። «ይሄ የኔ ነው፤ ደርግ እንደወደቀ» አለ። ከሰማያዊው ሥር ቀይ፣ ከቀዩ ሥር ኖራ፣ ከኖራው ሥር ደግሞ ጥቁር ቡናማ ጥድ ብቅ አለ። ኮሚቴዎቹ ተሰበሰቡ። አንዷ ሴት ስልኳን አውጥታ ፎቶ ማንሳት ጀመረች። ሽታውን ላብ አጠመቀው። ሥራውን ሰው ቆሞ ካየለት ስንት ዓመቱ ነው! ቢላዋው ሲንቀሳቀስ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከእንጨቱ ወጡ፤ በመሮ የተቆፈሩ፣ ጠንካራ ፊደሎች። ጥሩሰው፣ 1958 ዓ.ም።

«አያችሁ!» አለ ሽታው። «በጃንሆይ ዘመን! ከአሰብ ወደ ወልዲያ የሚያልፉ ሹፌሮች የሚያርፉት እዚህ በረንዳ ላይ ነበር። እዚህ ያልተዘፈነ አምባሰል የለም። ይሄ ቅርስ ነው፤ ቅርስ ደግሞ አይፈርስም። ጥሩሰው ማለት እኮ ቀላል ሰው አልነበረም፤ ሦስት ቤት ነበረው።»

ሼህ ሀሚዱ ሳለ። ሽታው አልሰማውም።

«ሦስት ቤት?» አለ ታሪኩ።

«ሦስት! አንዱ ዛሬ ባንኩ ያለበት፣ ኋላ እመት ሰርካለም ጠላ የሸጠችበት። አንዱ ኮከብ ቡና ቤት የነበረው። ዋናው ግን ይሄ።»

«በአዋጁ ጊዜ ተወረሱበት ማለት ነው?»

«ሁሉም! አንድ እንኳን አልቀረለትም፤ ምስኪን በንዴት ነው የ…»

አልጨረሰውም። ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ። ሼህ ሀሚዱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ሙጂባ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። ተሻለች አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ሽታውን አላየችውም፤ ምሰሶውን ነበር የምታየው። ስንት ዓመት ቀለም ስታስቀባው የኖረችውን ምሰሶ።

«ያ ቤት ግን ወድቋል!» አለ ሽታው፣ ድምፁ ቀጥኖ። «ወድቋል እኮ! ይሄኛውን እነሱ ናቸው ያነሱት። እኔ በዚህ እግሬ ጭቃ ረግጫለሁ። ሼህ ሀሚዱ ጭድ አምጥቷል። ጻፈው፣ ጭቃ ረግጫለሁ ብሏል በልና ጻፈው!»

ታሪኩ ደነገጠ፤ አዘነም። ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። «አባቴ፣» አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ቤቱ ወድቋል ይላሉ፤ ምሰሶው ግን ቆሟል። ስሙም አለ፤ ፎቶውም ተነስቷል። እኔ አላየሁም ልል አልችልም።»

«ቅርስነቱስ?»

«እሱ የኛ ሥራ አይደለም አባቴ።»

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ቁልቁል ነው። ሼህ ሀሚዱና ሽታው ሽማግሌ ጨምረው አቤት አሉ። በሄዱበት ቢሮ ሁሉ የተመለሰላቸው አንድ ነው፤ ምስክሩ ራሳችሁ ናችሁ፣ ምን እንጨምር። ሙጂባ ቦታው ለጨረታ ሲወጣ ሞከረች፤ ከሷ አቅም በላይ ሆነ፤ ማን እንደወሰደው እስካሁን ሰፈሩ አያውቅም። ሼህ ሀሚዱ ሽታውን አልተቆጣም። አንድ ቀን ብቻ፣ ከቢሮ ሲመለሱ፣ «ቤቱን ትወደው ነበር፤ አውቃለሁ። ሴትዮዋን ግን ማን ይውደዳት?» አለው። ከዚያ በኋላ አብረው መሄዳቸውን አልተዉም፤ ወሬያቸው ግን አለቀ።

ቤቱ የፈረሰው በጥቅምት ነው። ስካቫተሩ ጠዋት ገባ፤ ለምሳ ሰዓት የቀረ ነገር አልነበረም። የቆመ ሰው ሁሉ በስልኩ ይቀርፃል። ሽታው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ነበር። ግድግዳው ሲፈነዳ ጭቃው ውስጥ ጭዱ ይታያል፤ እሱ የረገጠው ጭቃ፣ ሼህ ሀሚዱ ያመጣው ጭድ። ከዚያ የበለጠ ምስክር አልነበረም፤ ማንም ግን አልጻፈው። ጣሪያው ሲወርድ ሽታው ጮኸ። ሰዎች ዞረው አዩትና ሰክሮ ነው አሉ።

ተሻለች የመንግሥት ቤት ተከራይ ስለተባለች ምትክ አንዲት ክፍል ተሰጣት፤ ከከተማው ጫፍ፣ ከቄራው ጀርባ፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ረግረግ ላይ። ወለሉ ይረጥባል። ውኃ ከቦኖ ነው፤ ቦኖው ደግሞ ሩቅ ነው። ጋኖቿን የምታስቀምጥበት ቦታ ስላልነበራት እዚያው ፍርስራሹ ውስጥ ተሰበሩ። ሙጂባ በሳምንት አንድ ቀን በባጃጅ ምግብ ትልክላታለች። ሽታው ግን እግሩ አልሄድ አለው። ምን ይዞ ይሂድ? ምን ብሎ?

ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ። ቆርቆሮው ላይ የባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻ ሥዕል ያለበት ባነር ተሰቀለ፤ ከአጥሩ ውስጥ ግን አንድ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው አልታየም። አንድ ቅዳሜ ሽታው ያን የአምባሰሉን ሰው ክራሩን በብብቱ ይዞ አጥሩ ፊት ቆሞ አገኘው።

«ወንድሜ፣ የወይዘሮ ተሻለች ጠጅ ቤት እዚህ አልነበረም እንዴ?» አለው ሰውዬው።

ሽታው አፉን ከፈተ። የሚለው ሁሉ አፉ ላይ ነበር፤ በየት አልፎ፣ በየት ታጥፎ። «የለም» አለና ሄደ።

በዚያው ሳምንት ፍርስራሹን የገዙትን ነጋዴዎች ለምኖ ያን ምሰሶ ወሰደ። በጋሪ ጭኖ ወደ ቄራው ጀርባ ወረደ። በመንገድ ላይ ምን እንደሚላት ሲያሰላስል ነበር። በሩ ላይ ይቆምላታል፤ ቀለም ይቀባዋል፤ ከሁሉ ነገር አንድ ነገር ይተርፋል። ተሻለች ደጃፏ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች። ከስታለች። ጋሪው ላይ ያለውን ስታይ አልገረማትም፤ አልተቆጣችም።

«ተሻልዬ፣» አለ። እንባው መጣ። «አጠፋሁ። ቤቱን ላድን ብዬ…»

«አውቃለሁ፤ ተወው ሽታዬ።» ምሰሶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ፊደሎቹ እሱ እንደፋቃቸው ጥርት ብለው ይታያሉ። «ጥድ ነው አይደል? ደርቋል?»

«ድርቅ ያለ ነው። ሌላ መቶ ዓመት ይኖራል።»

«እንግዲያው ፍለጠው» አለች። «እዚህ ቤት ሌሊቱ ብርድ ነው። ማገዶ ደግሞ የለኝም። መጥረቢያው ከበሩ ኋላ አለ።»

የምትቀልድ መስሎት ፊቷን አየ። ፊቷ ላይ ቀልድም ቂምም አልነበረም፤ ብርድ ብቻ ነበር። ሽታው መጥረቢያውን አነሳ። ከታችኛው ጫፍ ጀመረ። ቆራርጦ ፈለጠ፤ ስሙ ያለበትን ወገን ግን እያዞረ እያዞረ ወደ ጎን አስቀረው። ሲመሽ ስሙ ያለበት ቁራጭ ብቻ ሳይነካ ቀረ፤ ሽታውም መጥረቢያውን አስደግፎ ፍልጡን በሩ ሥር ደረደረላት።

ተሻለች ጎንበስ አለችና ከሁሉ አስቀድማ ያን ቁራጭ አነሳች። ፊደሎቹ አካባቢ ያለው ቀለም ስለተፋቀ ቶሎ እሳት ይይዛል አለች።